በረዶ አዝዬ

ሣጥኑን ፈታሁት፤ አራት ብሎን ነበር፣
ለአንድ ሌሊት እንኳ ሸክሜ ቢቀየር።
ስልኬን አጠፋሁት፣ ትእዛዝ እንዳይጮህብኝ፣
«የት ደረስክ?» ባይ ሁሉ ዛሬ እንዳያገኘኝ።

ቱየት ተፈናጠጠች። ጥፍር ቀቢ ናት፣ ከጉዳይቢያ ማዶ፤
የስሟን ፍቺ ብላት፣ «በእኛ ቋንቋ» አለች፣ «በረዶ»።
ነሐሴ ነው እንግዲህ፤ ማናማ በሌሊትም ትፈላለች፣
እርጥብ ፎጣ ሆና ፊት ላይ ትለጠፋለች፤
እኔ ግን በረዶ በጀርባዬ አዝዬ
ከተማ ላዞር ነው፣ ሦስት ዲናር ብዬ።

«ሦስት ዓመት» አለችኝ፣ «ከመስታወት ፊት አልተነሣሁ፤
ቀለበት ያጠለቀ፣ ቀለበት ያወለቀ ጣት ብቻ ነው ያየሁ።
በእኛ በሳይጎን አስጎብኚ ሞልቷል፣
እንግዳውን በስኩተር አፈናጦ ይዞራል፣
ይሄ ቤተ መቅደስ፣ ይሄ የሾርባ ሰፈር እያለ፤
አንተም እንዲያ አድርገኝ።»
እሺ አልኳት፤ ምን አለ?

ግን የታሪክ ሰው አይደለሁ፤ ሐውልት ቆሜ አላየሁም፣
ባብ አል ባሕሬንን ማን እንዳቆመው አልጠየቅሁም።
የእኔ ዕውቀት በር ነው፤
ደወል፣ ፎቅ፣ «ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ በእግርህ ውጣ» ነው።

«ያ ነጩ ሕንጻ» አልኳት፣ «ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው አለ፤
ሁልጊዜ የሁለት ሰው እራት ያዛል፣
አንድ ጥንድ ጫማ ነው ከደጁ ላይ ያለ።
እዚያ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣ በሩን ሕፃን ይከፍታል፤
ጉርሻ ብሎ ከረሜላ፣
አንዳንዴም ከአፉ አውጥቶ ይሰጠኛል።»
ሣቀች፤ ሄልሜቷ ከሄልሜቴ ተላተመ።
«ወርቅ ቤቶቹስ?»
«ወርቁን እንጃ፤ ምሳቸው ግን ምስርና ቂጣ ነው፣
ዱቤም ይወዳሉ።»

ከአንድ ጠባብ መንገድ፣ ከላይ ከኤሲ፣
ጠብታ አንገቷ ላይ አረፈች። «ዝናብ!» አለች።
ዝም አልኩ። ነዳጅ ሰጠሁት።

ሙሐረቅ ድልድይ ላይ መንገዱ ተቆልፎ፣
የመኪናው መብራት እስከ ባሕሩ ማዶ ተሰልፎ፣
«ውረድ» አለች በረዶ። «ከኋላ ተቀመጥ።»
መሪውን ያዘች።
«መንገድ ውኃ ነው» አለች፤
«ውኃ አይሮጥም፣ አይቆምም፣
ድንጋዩን ይዞረዋል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም።»

አፈሰሰችኝ እንግዲህ፣
በታክሲና በላንድክሩዘር መካከል፣ በዓሣ ጫኙ ፒክአፕ ጥግ፣
አንዴም ፍሬን ሳትነካ።
«አባቴ» አለች በነፋሱ ውስጥ እየጮኸች፣
«ፍሪጅ በስኩተር ያመላልስ ነበር፤
እኔ ከፍሪጁ አናት ላይ።
በረዶ ያለኝ ለዚያ ይሆን?»
አራት ዓመት የጋለብኩባት ከተማ
ከኋላ ወንበር ሲያዩዋት ሌላ ኖራለች ለካ፦
ከጣሪያ ላይ ርግብ የሚቆጥር ሽማግሌ፣
ሚዛኑን በሳሙና የሚያጥብ ዓሣ ሻጭ፣
ከጀልባ ሥር እግሩን ዘርግቶ ጥርሱን የሚፍቅ ባሕረኛ፤
ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት ደግሞ ፀጉሯን ፈታ የቆመች የእኛ ልጅ፣
በስልክ፣ በአማርኛ፣
«ቆርቆሮ ደግሞ ጨመረ?» ስትል።
ቀና አልኩ። ሰላም ልላት አፌን ከፈትኩ።
ውኃ ግን አይቆምም፤ አለፍኩ።

እኩለ ሌሊት ላይ ከደጇ አደረስኳት፣
ወይ እሷ አደረሰችኝ።
ሦስቱን ዲናር ቆጥራ እጄ ላይ አኖረች፣
እጄንም ቶሎ አልለቀቀች፤ ጥፍሬን ነው ያየችው፣ የሙያ ነገር።
ከዚያ፣ «የሰውን በር ሁሉ አሳየኸኝ» አለች፣
«የአንተስ የትኛው ነው?»

ስድስት ሰው፣ አንድ መስኮት፤
ደወል የለው፤ ቢኖረውስ ማን ሊደውል?
«አልፈነዋል» አልኩ።
አንገቷን በጣቷ ነካ አደረገች።
«ያ የሚያንጠባጥበው?»

መልስ ሳልሰጥ ሄልሜቴን አጠለቅሁ።
ደርሼም በእጅ ባትሪ ሣጥኑን መለስኩት፤
ብሎኑ ሦስት ሆነ፣ አንደኛውን አጣሁት።
ከዚያ ወዲህ የማደርሰው እራት ሁሉ
ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል።
ሾርባ ያዘዘ ይታገሠኝ።